ዋጭና ተደባዳቢ፦ ትልልቅ አዳኝ ዓሦችን በአንድ አኳሪየም ለማኖር አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ሱቅ ውስጥ አምስት ሴንቲሜትር ሆኖ ከወንድሞቹ ጋር ጥግ ይዞ የሚታየው ኦስካር በዓመቱ ከ25 እስከ 30 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ጃጓር ሲክሊድም (ሲክሊድ ኦስካርም የሚመደብበት የዓሣ ቤተሰብ ነው) ሲያድግ ከዚያ አያንስም። ጃጓሩ ግን እስከዚያ ድረስ ወንድሞቹን አንድ በአንድ ሊጨርሳቸው ይችላል። ገዢ «እነዚህ ይስማማሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ሻጭ «አዎ» ይላል፤ አልዋሸም፣ በዚያ ዕድሜያቸው ይስማማሉ። መጠየቅ ያለበት ሲያድጉ በምን እንደሚጣሉ ነው።

የሚጣሉበት ምክንያት ሁለት ነው። አንዳንዱ ዓሣ ዋጭ ነው፤ አፉ የሚችለውን ሁሉ ይውጣል፣ የማይችለውን ግን ዞር ብሎም አያየው። ቢሺር፣ ፒኮክ ባስና አሮዋና ከዚህ ወገን ናቸው። ሌላው ተደባዳቢ ነው፤ የሚፈልገው ቦታ ስለሆነ ጎረቤቱ ትልቅም ይሁን ትንሽ ከግዛቱ እስኪወጣ ያሳድደዋል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደግሞ መውጫ የለም። ጃጓር፣ ሬድ ዴቪልና ፍላወርሆርን እዚህ ይመደባሉ። ኦስካር ከሁለቱም ይዟል፤ ዋጭነቱ ሙሉ፣ ድብድቡ ለስለስ ያለ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

*የገንዳው ወርድ።* ብዙ ሰው ሊትር ይቆጥራል። ለትልቅ ዓሣ ግን ወሳኙ ከፊት መስታወት እስከ ኋላ መስታወት ያለው ርቀት ነው። 35 ሴንቲሜትር የሆነ ዓሣ ወርዱ 40 በሆነ ገንዳ ውስጥ እየታጠፈ ይኖራል፣ ለመዞርም ይቸገራል። ያደገው ዓሣ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ የሆነ ወርድ ጥሩ መነሻ ነው። ከፍታው ከ50 እስከ 60 ሴንቲሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ማስረዘም መስታወቱን ያወፍራል እንጂ ለዓሣው የሚጨምርለት የለም።

*ክብደት።* 180×60×60 የሆነ ገንዳ 640 ሊትር ገደማ ይይዛል። በ12 ሚሊሜትር መስታወት ሲሠራ መስታወቱ ብቻ ወደ 120 ኪሎ ነው። አሸዋና ማስቀመጫው ሲጨመር ከ800 ኪሎ በላይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያርፋል። ኮንዶሚኒየም ላይ የሚኖር ሰው ከመግዛቱ በፊት ወለሉን የሚያውቅ መሐንዲስ ያማክር፤ ቢያንስ በክፍሉ መሃል ሳይሆን ተሸካሚ ግድግዳ ወይም ቢም ባለበት በኩል ያስቀምጠው።

*ቆሻሻ።* ሥጋ በል ዓሣ ብዙ አሞኒያ ይጥላል። ካኒስተር (ከገንዳው ውጪ የሚቆም ዝግ ማጣሪያ) ወይም ሳምፕ (ማጣሪያ የሚገባበት ተጨማሪ ገንዳ) ፊልተሩ የገንዳውን ውሃ በሰዓት ከ6 እስከ 10 ጊዜ የሚያዞር መሆን አለበት። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት ከ40 ሚሊግራም በሊትር በታች (ከ20 በታች ቢሆን ይመረጣል) እንዲሆን በየሳምንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ውሃ መቀየር ግድ ነው። አዲስ ፊልተር አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚለውጠው ባክቴሪያ እስኪቋቋምበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ ያለ ጊዜው ኦስካር ከገባበት በአንድ ሳምንት ውስጥ ውሃው መርዝ ይሆናል።

*አየርና ሙቀት።* የውጭ መመሪያዎች ይህን ነገር አያነሱትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ በ27 ዲግሪ ሙቀት ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከተማ 8 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ሲሆን እዚህ ወደ 6 ይወርዳል። ፊልተሩ ውሃውን እየረጨ ቢመልስም ሁለተኛ ኤር ፓምፕ የግድ ነው፤ «በዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን የውጭ ቁጥርም በሩብ ቀንሰው ይውሰዱት። ማሞቂያውን ደግሞ ከአንድ ባለ 600 ዋት ሁለት ባለ 300 ቢያደርጉት ይሻላል። አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀር ብቻውን ገንዳውን ለመቀቀል አቅም አይኖረውም፣ አንዱ ቢሞትም ሌላው ያቆያል። ትልቅ ዓሣ የመስታወት ማሞቂያን በጭራው መትቶ ስለሚሰብር መከላከያ ቀፎ ያልብሱት፤ ከሁሉ የሚሻለው ሳምፕ ውስጥ መደበቅ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖር አንባቢ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በበጋ የቧንቧው ውሃ ራሱ ትኩስ ስለሚመጣ ቀዝቅዞ እስኪደርስ መጠበቅ አለበት።

*መብራት ሲጠፋ።* በአንድ ገንዳ ውስጥ ዓሣ በበዛ ቁጥር የሚኖርዎት ሰዓት ያጥራል። 12 ቮልት 7 አምፔር አወር የሆነ ባትሪ 5 ዋት ኤር ፓምፕን ቢያንስ 7 ሰዓት ያቆያል። በዚያ ጊዜ ምግብ አይስጡ። ካኒስተሩ ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ ቆሞ ከነበረ መብራት ሲመጣ ዝም ብለው አያስነሱት፤ ውስጡ የነበረው ባክቴሪያ ታፍኖ የበሰበሰው ውሃ በአንዴ ወደ ገንዳው ይፈስሳል። መጀመሪያ ይክፈቱት፣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ያለቅልቁት፣ ከዚያ ያስነሱት።

ሀ. አንድ ተደባዳቢ ዓሣ ብቻውን

ርዕሱ ስለ አብሮ መኖር ሆኖ ሳለ ብቸኛ ዓሣ መምጣቱ አያስገርም፤ ለፍላወርሆርን የሚሆን ጎረቤት ማንም የለም። ይህ ዓሣ በዱር የለም፤ በ1990ዎቹ ማሌዥያ ውስጥ ከመካከለኛው አሜሪካ ሲክሊዶች ተዳቅሎ የተገኘ ነው፣ ሲዳቀልም ቁጣው አልቀነሰም። እጅዎን ለማጽዳት ቢያስገቡ ይነክሳል። ለእሱና 30 ሴንቲሜትር ለሚደርሰው ሬድ ዴቪል 120×50×50፣ ማለትም 300 ሊትር ይበቃል። ቤት ውስጥ ከ35 እስከ 40 ሴንቲሜትር የሚሆነው ጃጓር 150×60×50 ይፈልጋል።

ብቸኛ ዓሣ ሰውን ያውቃል፣ ምግብ ሰጪው ሲመጣ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። የውሃ ለውጡም በሳምንት 120 ሊትር ገደማ ነው። አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር እንደሚችል ግን ቀድመው ያስቡበት።

ለ. ጥንድ

ወንድና ሴት ጃጓር ወይም ሬድ ዴቪል። ሲሳካ ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን ሲጠብቁ ማየት ራሱ ትርዒት ነው። ሳይሳካ ሴቷ ትሞታለች፣ የሚበዛውም እንደዚያ ነው። ወንዱ ለመራባት ተዘጋጅቶ እሷ ሳትዘጋጅ ስትቀር ማሳደዱን አያቆምም።

መከላከያው ቀላል ነው። ገንዳውን በቀዳዳ ፕላስቲክ ለሁለት ይክፈሉት፣ ከታች በኩል ሴቷን ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይተዉ። ጃጓር ላይ ሴቷ አነስ ስለምትል ይሠራል፤ ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ሲከፋባት ትመለሳለች። ከፋፋዩን በድንጋይ ብቻ ካስደገፉት ወንዱ በአንድ ሌሊት ይገለብጠዋል፤ መስታወቱ ላይ በሲሊኮን በተለጠፈ ሐዲድ ውስጥ ይሰካ። እዚያ ገንዳ ውስጥ ሦስተኛ ዓሣ አይገባም። ጫጩቶቹ በሺዎች ሊቆጠሩ ስለሚችሉ የት እንደሚሄዱ የማያውቅ ሰው ይህን አማራጭ ይዝለለው።

ሐ. ኦስካር ከጸጥተኛ ጎረቤቶች ጋር

ትልቅ አዳኝ ዓሣ ከሌላ ዓሣ ጋር ማየት ለሚፈልግ ጀማሪ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው፤ በአግባቡ ከተዋቀረ።

180×60×60 ውስጥ ሁለት ኦስካርና ስድስት ሲልቨር ዳላር ጥሩ ቁጥር ነው። ሲልቨር ዳላር እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚደርስ፣ እንደ ሳንቲም ክብና ጠፍጣፋ የሆነ ዓሣ ነው። ሰውነቱ ከላይ ወደታች ሰፊ በመሆኑ ለመዋጥ አይመችም፤ በቡድን ሲዋኝም ኦስካሩ አደጋ እንደሌለ ስለሚረዳ ከመደበቂያው ይወጣል። ኦስካሩ ሙሉ ካደገ በኋላ የሚገባ ሲልቨር ዳላር ግን ከ10 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም። ሴቨረም የሚባለው ሲክሊድም ይሆናል፣ ቁጥሩ ሁለት ብቻ ከሆነ።

ኦስካር ወንድና ሴቱ በመልክ አይለይም። ስለዚህ ሁለት ሲገዙ ጥንድ ይሁኑ ሁለት ወንድ ይሁኑ የሚታወቀው ሲያድጉ ነው። አብረው ከትንሽነታቸው ያደጉት በአብዛኛው ይቻቻላሉ፤ ካልተቻቻሉ አንዱን የሚወስድ ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

«ገንዳ አጽጂ» እየተባለ የሚሸጠውን ፕሌኮ እዚህ አለማስገባት ይሻላል። ትልቁ ዓይነት ራሱ 40 ሴንቲሜትር ያልፋል፣ ከሚያጸዳው በላይ ይጸዳዳል፣ ሌሊት የጎረቤቱን የቆዳ ዝልግልግ ልባስ የሚመጠምጥ አለ። ትንሹ ዓይነት ደግሞ ኦስካር ሊውጠው ሲሞክር የጎን እሾሁን ዘርግቶ ይቆልፈዋል፤ ጉሮሮ ላይ ይቀረቀርና ሁለቱም ይሞታሉ።

ኦስካር ድንጋይ ይገለብጣል፣ ተክል ይነቅላል። ድንጋዩን አሸዋው ላይ ሳይሆን በቀጥታ የገንዳው ወለል ላይ (ከሥሩ ስስ ፎም ጣል አድርገው) ያስቀምጡና ከዚያ አሸዋውን ያፍሱ፤ ሲቆፍር አይናድበትም። ጭንቅላቱ ላይና ዓይኑ ዙሪያ እንደ መርፌ ቀዳዳ የሚመስሉ ጉድጓዶች ካዩ መጀመሪያ ናይትሬቱን ይለኩ፤ ሕመሙ በአብዛኛው የሚታየው ውሃው በቆሸሸበትና ምግቡ አንድ ዓይነት ብቻ በሆነበት ገንዳ ነው።

መ. የዋጮች ስብስብ

በጣም የሚፈራው፣ ግን በጥንቃቄ ከተሠራ ጠብ ያነሰበት አማራጭ ይህ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንም የማንም አፍ ውስጥ አይግባ። ትንሹ ዓሣ ከትልቁ ርዝመት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ይሁን፤ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ከዚያም ይብለጥ፤ ቀጭን ዓሣ በጭንቅላቱ ከገባ ሙሉ በሙሉ እየተንሸራተተ ይዋጣል።

አነስተኛው ቅርጹ የሴኔጋል ቢሺር ስብስብ ነው። 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን፣ ጀርባው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ክንፎች ያሉት፣ እባብ የሚመስል ጥንታዊ ዓሣ ነው፤ ለኛ ደግሞ እንግዳ አይደለም፣ ባሮ ወንዝና ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይኖራል። ከውሃ በላይ ብቅ ብሎ አየር በሳንባው መሳብ ስለሚችል ኦክስጅን ሲቀንስና መብራት ሲጠፋ ከሁሉም በተሻለ ይቆያል። ለአዲስ አበባ ቤት የተፈጠረ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። 120×50×45 በሆነ ገንዳ ውስጥ ሦስት ወይም አራቱ ይኖራሉ፣ በሳምንት 80 ሊትር መቀየር ይበቃል። ወለሉ ለስላሳ አሸዋ፣ መደበቂያው ፒቪሲ ቱቦ ይሁን። ክዳኑ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ወጥቶ ወለል ላይ ደርቆ ይገኛል፤ ቢሺርን ከበሽታ ይልቅ የሚገድለው ክዳን ነው። ዓይኑ ደካማ፣ አበላሉ ዝግ ያለ በመሆኑ ከኦስካር ጋር ከተቀመጠ ይራባል፤ ያንን ለማድረግ የወሰነ ሰው መብራቱን ካጠፋ በኋላ ሰማጭ ምግብ ይጣልለት።

ትልቁ ቅርጽ ፒኮክ ባስ ሲጨመር ነው። ሻጮች ሁሉንም «ፒኮክ ባስ» ይላሉ፤ ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ኬልበሪ የሚባለው 30 ሴንቲሜትርን ብዙ አያልፍም፣ ቴመንሲስ ግን አንድ ሜትር ይጠጋል። ስሙን ያልነገረ ሻጭ ዘንድ አይግዙ። ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ከሦስት እስከ አምስት ሆኖ ሲኖር ይረጋጋል፣ ከመራቢያ ጊዜው ውጪ ጎረቤት አይነካም። ዋናው ጣጣው ምግብ ነው፤ ሕያው ዓሣ የለመደውን ወደ ደረቅ ምግብ ለማምጣት መጀመሪያ የዓሣ ሥጋ ቁራጭ፣ ከዚያ ደረቅ ምግብ የተሰካበት ቁራጭ፣ ከዚያ ደረቁን ብቻ እያሉ ሳምንታት መታገስ ያስፈልጋል። ለኬልበሪ የሚሆነው ገንዳ 240×75×60፣ ማለትም ከ1,000 ሊትር በላይ ነው።

ሲልቨር አሮዋና 90 ሴንቲሜትር ስለሚደርስና ስለሚዘልል ወርዱ 90 ላልሆነ ገንዳ አይታሰብም። ሬድቴይል ካትፊሽ የሚባለው ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ ባለ ቀይ ጭራ ዓሣ ግን በምንም በጀት የመኖሪያ ቤት ዓሣ አይደለም፤ አብሮት የሚኖረውንም ሁሉ ይውጣል።

ሠ. የተደባዳቢዎች ድብልቅ

ጃጓር፣ ሬድ ዴቪልና መሰሎቻቸውን በአንድ ትልቅ ገንዳ አጭቆ ማኖር። የዘዴው ስሌት፣ ዓሣው ሲበዛ ቁጣው ይበተናል፣ ማንም ግዛት ለመያዝ ፋታ አያገኝም የሚል ነው። ይሠራል፤ ፊልተሩ ሳይቆም፣ በየሳምንቱ 500 ሊትር ውሃ እየተቀየረ፣ ሁሉም አንድ ላይ በትንሽነታቸው ገብተው፣ ሴት ካልተቀላቀለች። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ይፈርሳል፤ በተለይ አንድ ዓሣ ከሞተ ሚዛኑ ይለወጥና የቀሩት እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ይህን አልመክርም። ቪዲዮ ላይ የሚያምረው ገንዳ ከጀርባው ሁለት ሦስት ማገገሚያ ገንዳ እንዳለው አይታይም።

በአንድ ዓይን

| አማራጭ | አነስተኛ ገንዳ (ሴ.ሜ.) | የሚቀየር ውሃ በሳምንት | የጠብ አደጋ | መብራት ሲጠፋ |
|---|---|---|---|---|
| ሀ. ብቸኛ ተደባዳቢ | 120×50×50 (ጃጓር 150×60×50) | 120–180 ሊትር | የለም | መካከለኛ |
| ለ. ጥንድ | 150×60×50 | 180 ሊትር | በጣም ከፍተኛ | መካከለኛ |
| ሐ. ኦስካርና ጎረቤት | 180×60×60 | 250 ሊትር | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | አሳሳቢ |
| መ1. የሴኔጋል ቢሺር | 120×50×45 | 80 ሊትር | በጣም ዝቅተኛ | ጥሩ |
| መ2. ፒኮክ ባስና ቢሺር | 240×75×60 | 350–400 ሊትር | ዝቅተኛ | አሳሳቢ |
| ሠ. ድብልቅ | 240×75×60 | 500 ሊትር | ከፍተኛ | አደገኛ |

ለማን የትኛው

ባጀቱ አነስተኛ ለሆነ፣ ወይም ተከራይቶ ለሚኖርና ነገ ቤት ሊቀይር ለሚችል መ1። ዓሣው እንዲያውቀውና እንዲጫወትበት ለሚፈልግ ሀ። ሳሎኑ ሰፊ፣ ግቢው ውስጥ ሮቶ ያለው፣ ኢንቨርተር ወይም ጀነሬተር የተዘጋጀለት ቤተሰብ ሐን ይያዝ፤ በዚያ ላይ ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ መ2ን ያስብ። ለና ሠ ልምድ ላለው ሰው ናቸው።

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ ሁለት ነገር ላክል። አንደኛ፣ የከተማዋ ውሃ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ስለሆነ ውሃን አሳድሮ መጠቀም አይበቃም፤ ማከሚያ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ስኔክሄድ የሚባለው ዋጭ ከ2002 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ማስገባት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ተራብቶ ተገኝቷል። የእስያ አሮዋናም እንዲሁ የተከለከለ ነው። ዓሣው ያስቸገረው ሰው እዚያም ሆነ ሐዋሳና ጣና ወስዶ ሐይቅ ውስጥ እንዳይለቀው።

ውሃ፣ ምግብና ማስተዋወቅ

ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት 16 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። 27 ዲግሪ ከሆነ ገንዳ ውስጥ 40 በመቶውን በዚህ ቢተኩ ሙቀቱ በአንዴ ወደ 22.6 ይወርዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ዓሣው ላይ ሊወጣ ይችላል። ሁለት ጊዜ በ20 በመቶ ይከፋፍሉት፣ ወይም ያሞቁት፤ 125 ሊትር ውሃን ከ16 ወደ 26 ለማድረስ 19 ሊትር ያህል የፈላ ውሃ ይበቃል። ክሎሩ እንዲወጣ ክፍት በርሜል ውስጥ በኤር ፓምፕ ለ24 ሰዓት ያናፍሱት።

ዋናው ምግብ ሰማጭ ወይም ተንሳፋፊ ደረቅ ምግብ ይሁን፤ የቆሮሶ ሥጋ፣ ሽሪምፕና የምድር ትል በመሃል ይገባሉ። ያደገ ዓሣ በሳምንት አራት ቀን ቢበላ ይበቃዋል። የበሬ ልብ በብዛት አይስጡ፤ ስቡ ጉበት ላይ ይከማቻል። ሕያው ወርቃማ ዓሣ መመገብ በሽታ ከማስገባቱም በላይ ቫይታሚን ቢ1ን የሚሰብር ኢንዛይም አለው።

አዲስ ዓሣ ለአራት ሳምንት ለብቻው ተቀምጦ ይታይ። ከዚያ ነባሮቹን አጥግበው፣ ድንጋይና እንጨቱን ሁሉ ቦታ ቀይረው፣ መብራቱን አጥፍተው ያስገቡት፤ የነባሩ ግዛት ሲፈርስ ሁሉም እንደ እንግዳ ይጀምራል። ለሁለት ሦስት ቀን ጎን ለጎን መቆም፣ የጉሮሮ ክዳን መንፋት፣ አፍ ለአፍ መያያዝ ያለ ነው። አንዱ ውሃው ገጽ ላይ ጥግ ይዞ ክንፉን ካጣበቀ፣ ከጠቆረ፣ ለሁለት ቀን ካልበላ ግን አይጠብቁ። ከተደበደበው ይልቅ ደብዳቢውን ያውጡት፤ አንድ ሳምንት ክዳን ባለው 100 ሊትር በርሜል ውስጥ ኤር ፓምፕና ማሞቂያ ተደርጎለት፣ ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ ይቆይና ዕቃው እንደገና ተዘዋውሮ ይመለስ። ተመልሶም ያንኑ ካደረገ ያ ዓሣ አማራጭ ሀ ውስጥ የሚኖር ነው።

ቀድሞውኑ አምስት ሴንቲሜትር ሳሉ ኦስካር፣ ጃጓርና ቢሺር ቀላቅሎ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ጃጓሩን ነው፤ 12 ሴንቲሜትር ሳይሞላው። ቢሺሩን ቀጥሎ ያውጣ፣ በተለይ ጉሮሮው ጎን የወጣው ላባ የመሰለ የሕፃንነት ስንጥቡ ገና ካልጠፋ፤ ኦስካሩ ትል እየመሰለው ይበጥሰዋል።